የሰባ ስድስት ቀን ሕፃን

ወይዘሮ አሰጋሽ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ጤና ጣቢያው ሲደርሱ አንድ እግራቸው ላይ ጫማ አልነበረም። ረቡዕ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። የድንገተኛ ክፍሉን በር በትከሻቸው ገፍተው ገቡ፣ ሕፃኗን አልጋው ላይ አስተኟት፣ ነጠላቸው ደም በደም መሆኑን ያዩት ያኔ ነው። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

"ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?" አለች ተረኛዋ ሐኪም ዶክተር ሰልዋ፣ ጓንቷን እያጠለቀች።

"እኔ ነኝ" አሉ አሮጊቷ። "እኔው ነኝ የገረዝኳት። በምላጭ።"

ኢንስፔክተር ፈለቀች ስትደርስ ሕፃኗ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተልካለች። ዶክተር ሰልዋ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት፤ ግራ ቀኝ አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አድርጌያለሁ የሚል ሰው አለሽ። እኔ ግን አላመንኳቸውም።"

"ለምን?"

"ሕፃኗ ሁለት ቦታ ተሰፍታለች። ክሩ የቤት ክር አይደለም፣ እኛ የምንጠቀምበት፣ ራሱ የሚሟሟው ነው። የማደንዘዣ መርፌ የተወጋችበትም ይታያል። የሠራት ሰው እጁ ሥራውን ለምዷል፤ አንድ የደም ሥር ግን ስቷል።"

"ትተርፋለች?"

"ደም ቶሎ ከተሰጣት። ሰባ ስድስት ቀኗ ነው፣ አምስት ኪሎ አትሞላም። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ?"

"የስፌቱን ነገር ለማን ነገርሽ?"

"ለማንም።"

"ለማንም እንዳትነግሪ።"

*

ወይዘሮ አሰጋሽ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ አቃቂ የገቡት ሙሽራ ሆነው ነው፣ ከዚያ ወዲህ ከሰፈሩ አልወጡም። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው መካከል አስገብተዋል። ሳጅን ሙህሲን ከጎናቸው ወረቀት ዘርግቶ ይጽፋል።

"በስንት ሰዓት ነው ያደረጉት እማማ?" አለች ፈለቀች።

"ጠዋት። እናቷ ሥራ ከሄደች በኋላ።"

"ምላጩስ የት አለ?"

"ሽንት ቤት ጣልኩት።"

"ደሙን በምን አቆሙት?"

"በቅቤ። እንደ ድሮው።"

"ሲሰፉትስ? በምን ክር ነው የሰፉት?"

አሮጊቷ ቀና አሉ። ዓይናቸው ከፈለቀች ወደ ሙህሲን፣ ከሙህሲን ወደ ግድግዳው ሄደ።

"በጥቁር። በልብስ ክር።"

"ስንት ቦታ?"

"አራት።"

ሙህሲን እስክሪብቶውን አቆመ። ፈለቀች አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀድታ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ሲቀበሉ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ውኃው አፋቸው ሳይደርስ ግማሹ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ።

"መርፌ ላይ ክር ካስገቡ ስንት ዓመት ሆነዎት እማማ?"

"ልጄ፣ እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ! ጣቴን ያዢና አስፈርሚኝ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

ፈለቀች ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይታለች። ከእስር ለመውጣት የሚዋሽ ሞልቷል። ለመግባት እንዲህ አጥብቆ የሚዋሽ ሰው ግን ሲያጋጥማት ገና ሦስተኛው ነው፤ የፊተኞቹ ሁለቱም የደበቁት ሰው ነበራቸው።

"ለምን አደረጉት?"

"እሑድ ሰማንያ ቀኗ ነው። ክርስትና ትነሣለች።"

"ቤተ ክርስቲያን ይህን አትጠይቅም።"

"አውቃለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ቄሱም ነግረውኛል።"

ከተናገሩት ሁሉ እውነት የመሰላት ይህቺ ብቻ ነበረች።

*

የሕፃኗ እናት ማህሌት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆማለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ሰማያዊ የሥራ ሸሚዟን እንኳ አልቀየረችም። ከመስታወቱ ወዲያ ትንሿ ሮዳስ ደም ተተክሎላት ተኝታለች። አጠገቧ ሌላ ሕፃን ያለቅሳል።

"ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሥራ ላይ ነበርኩ" አለች ማህሌት፣ ገና ሳትጠየቅ። "ስምንት ሰዓት ወጣሁ። ቤት ስደርስ ጎረቤት ተሰብስቧል። ካላመኑኝ ፋብሪካውን ይጠይቁ፣ በጣት አሻራ ነው የምንገባው።"

"ለመጨረሻ ጊዜ ያጠባሻት መቼ ነው?"

"ከመውጣቴ በፊት። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።"

"ከዚያ ወዲህ አላየሻትም?"

"አላየኋትም።"

ፈለቀች የእጅ ሰዓቷን አየች። አሥር ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ከዚያ ዓይኗ የልጅቷ ሸሚዝ ላይ አረፈ፣ ደረቷ አካባቢ፣ ትንሽ ቆየም። ሌላ ነገር ሳትጠይቅ "እግዜር ይማርልሽ" ብላ ወጣች።

መኪናው ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ወደ ሳጅኑ ዞረች።

"ሙህሲን፣ ሚስትህ ታጠባለች አይደል?"

"አዎ ኢንስፔክተር።"

"አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሳታጠባ ብትውል ምን ትሆናለች?"

የሙህሲን ጆሮ ቀላ። "ኧረ ኢንስፔክተር! አሁን ይሄ ምን ጥያቄ ነው?"

"ሥራ ነው፣ ንገረኝ።"

"ያማታላ። ጡቷ ይወጠራል። ባለፈው ታክሲ ውስጥ የሰው ልጅ ሲያለቅስ ሰምታ ልብሷ በስብሶ ነው ቤት የገባችው። የእኔን ጃኬት ደርባ።"

"እኔም ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ እንደዚያው ነበርኩ። ግማሽ ቀን ሳይሞላ ዩኒፎርሜ ይርሳል፤ ደረቴን በፋይል ሸፍኜ ነው አለቃዬ ፊት የምቆመው።" ፈለቀች ቀበቶዋን አሰረች። "ማህሌት ከመስታወቱ ማዶ ሕፃን ሲያለቅስ እየሰማች ነው የቆመችው። ሸሚዟ ደረቅ ነው።"

"ወተቱን አልባው ይሆናል።"

"ይሆናል" አለች ፈለቀች። "ብቻ እሷም እንደ አማቷ ያልተጠየቀችውን ታወራለች።"

*

በማግስቱ ጠዋት ወደ ግቢው ሄዱ። አምስት ቤት ያለው የኪራይ ግቢ ነው፤ ውኃ የሚቀዳው ከአንድ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ጋ የቆሙት ሴቶች ፖሊስ ሲያዩ አንገታቸውን አቀረቀሩ። ከዚያ አንዷ ጀመረች።

"እሷ ነገረችን አትበሉ እንጂ፣ ከኋላ ቤት ያሉትን ሴትዮ ጠይቁ። ሐጀራ የሚባሉትን። አገራቸው ገራዥ ነበሩ ይባላል።"

ሁለተኛዋም ይህንኑ አለች። ሦስተኛዋም ቃል ሳትቀይር ደገመችው። ፈለቀች አንድ ዓረፍተ ነገር ከሦስት አፍ ሲወጣ አትወድም። ሙህሲን ደግሞ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም። የስልጤ ሴት ስለሆኑ ነው ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው። አክስቴን ይመስሉኛል።"

"አክስትህም ብትሆን እንጠይቃታለን።"

"አውቃለሁ" አለ ሙህሲን፣ በሩን እያንኳኳ።

እማማ ሐጀራ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ከልጃቸው ሱቅ የመጣ ምስር ይለቅማሉ። ምስሩን ወደ ዓይናቸው በጣም አስጠግተው ነው የሚያዩት። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ነጭ ሞራ አለ። ሙህሲን ሰላምታ ሲሰጣቸው ሳቁ።

"የማን ልጅ ነህ አንተ? ድምፅህ የአገሬ ነው። ፖሊስ ሆነህ ነው ልታስረኝ የመጣኸው?"

"ልጠይቅዎት ነው እማማ።"

"ጠይቅ። ገራዥ ነበርኩ፣ አዎ። አልደብቅም። አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ ከተውኩ። የእህቴ ልጅ ከእጄ ላይ ሞተች። ከዚያ በሽማግሌ ፊት ቆሜ ምላጬን ጉድጓድ አስቆፍሬ ቀበርኩት።" የምስሩን ሰፌድ አስቀመጡ። "አሁንማ እንኳን ሕፃን፣ ጠጠርና ምስር መለየት አልቻልኩም። የልጄ ባል በየቀኑ ጥርሱ ይሰበራል።"

ፈለቀች ሳታስበው ፈገግ አለች። ጠጋ ብላ ተቀመጠች።

"ወይዘሮ አሰጋሽ ስለ ሕፃኗ ነግረውዎት ያውቃሉ?"

"ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። መጥታ ጠየቀችኝ። አልሠራም አልኳት፣ ተጣላን። 'እንግዲያው ከክርስትናው በኋላ አገር ቤት እወስዳታለሁ፣ እዚያ የምታውቅ ሴት አለች' ብላኝ ወጣች።"

"ይህን ማን ሰማ?"

"ምራቷ ሰምታለች፣ ማህሌት። እዚህ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ፊቷን ባላይም ትንፋሿን ሰማሁት።"

ፈለቀች ልትነሣ ስትል አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ዞረች።

"ለመሆኑ በዚህ ግቢ ወንዶቹን ልጆች ማን ነው የሚገርዝላችሁ?"

"ወንዶቹንማ ሁሉም ቱሉ ዲምቱ ነው የሚወስደው፣ ክሊኒክ። ሲስተር ፍቅርተማርያም ጋ። እጇ ቀላል ነው ይሏታል፣ ሰው ከሩቅ ይመጣላታል።"

*

የሕፃኗ አባት የሺዋስ ባጃጅ ነጂ ነው። ጣቢያው በር ላይ ባጃጁን አቁሞ እየጮኸ ገባ።

"እናቴን ልቀቋት! እናቴ አታደርገውም! ያቺን ገራዥ ትታችሁ እናቴን ታስራላችሁ?"

"ቁጭ በል" አለች ፈለቀች። "ረቡዕ ጠዋት የት ነበርክ?"

"ተራ ላይ። ተራ አስከባሪውን ጠይቁ።"

"ጠይቀናል። ነበርክ። እናትህ ሮዳስን አገር ቤት ወስደው ሊያስገርዟት እንደሆነ ታውቅ ነበር?"

የሺዋስ የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ አሽከረከረ።

"ሰምቻለሁ።"

"ምን አልክ?"

"ምን እላለሁ? የሴቶች ጉዳይ ነው። እናቴ ናት። ማህሌትም አንድ ሁለቴ አልቅሳ ነግራኛለች። ይደርሳል፣ ያኔ እንነጋገራለን አልኳት።"

"መቼ ነው የሚደርሰው?"

የሺዋስ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ተነሣ። ከወጣ በኋላ ሙህሲን "ይሄ ሰው ምንም አላደረገም" አለ።

"ምንም አላደረገም" አለች ፈለቀች። የተናገረችበት ድምፅ ግን ነጻ የሚያወጣ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ፋብሪካው በር ላይ ጥበቃው መዝገቡን ገልብጦ አሳያቸው። ማህሌት በአሥራ ሁለት ሰዓት ገብታለች። በስምንት ሰዓት ወጥታለች። በመካከሉ ግን በሌላ መዝገብ ላይ፣ በአለቃ ፈቃድ ለአጭር ጊዜ የሚወጡ ሠራተኞች በሚፈርሙበት ላይ፣ ስሟ አለ። "ልጅ ለማስከተብ" ይላል። ሦስት ሰዓት ላይ ወጥታ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሳለች።

ፈለቀች ከዚያው ለዶክተር ሰልዋ ደወለች። ዶክተሯ የክትባት መዝገቡን አስፈለገች። ሮዳስ የዐሥር ሳምንት ክትባቷን የወሰደችው ባለፈው ሳምንት ነው። ረቡዕ ዕለት ቀጠሮ አልነበራትም።

"እንያዛት?" አለ ሙህሲን።

"እናት ናት። ልጇ ደም ተተክሎላት እያለች ጥላት የትም አትሄድም። ያልያዝነው ክር ያለውን ሰው ነው።"

*

ዓርብ ጠዋት የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለችው ክሊኒክ ገና በሯን መክፈቷ ነበር። ሲስተር ፍቅርተማርያም አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ጋውኗ እንደ ወረቀት የነጣ፣ አነጋገሯ ረጋ ያለ ሴት ናት። እንግዳ መቀበያው አግዳሚ ላይ አንዲት ወጣት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች።

"የወንዶች ግርዛት መዝገብሽን ለማየት ነው" አለች ፈለቀች።

"ይቻላል። እኛ የምንደብቀው የለም።"

መዝገቡ ንጹሕ ነው። የሕፃኑ አባት ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የተሰጠው ማደንዘዣ መጠን። ጾታ በሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች "ወንድ" ይላል። የረቡዕ ገጽ ላይ አራት ሕፃናት አሉ። ሦስተኛው "የየሺዋስ ልጅ፣ ወንድ፣ ሰባ ስድስት ቀን" ይላል።

"የሺዋስ ወንድ ልጅ የለውም" አለች ፈለቀች።

"ብዙ የሺዋስ አለ ኢንስፔክተር። እኔ የነገሩኝን ነው የምጽፈው።"

መልሱ የተዘጋጀ ነበር። ሙህሲን ተስፋ ቆርጦ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል ፈለቀች እጇን ገጹ ላይ አሳረፈች። ወደ ኋላ ገለጠች። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ስድስት ወር። ጣቷ የዕድሜውን ዓምድ ይዞ ይወርዳል።

"ስምንት ቀን። ስምንት ቀን። ዘጠኝ ቀን። ሠላሳ ቀን። ሰባ ሁለት ቀን። ስምንት ቀን። ሰባ አምስት ቀን..." ቀና አለች። "ሙህሲን፣ በእናንተ ዘንድ ወንድ ልጅ የሚገረዘው መቼ ነው?"

"እንደ ቤተሰቡ ነው። ብዙ ጊዜ አደግ ሲል ነው።"

"የእነዚህን አባቶች ስም ግን እየው። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ ከተገረዘም ከዚያ በፊት ነው። ብዙው በስምንተኛው ቀን ነው።" ወደ ሲስተሯ ዞረች። "እነዚህ ሰባ ቀን ያለፋቸው ዘጠኝ ልጆች ግን አርባቸው ካለፈ ወር ሆኗቸዋል። አንዱም ሰማንያ አልሞላም። በሰማንያ ቀን ክርስትና የሚነሣ ማን ነው ሲስተር?"

ሲስተሯ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች። በሰማንያ ቀን ክርስትና የምትነሣው ሴት ልጅ መሆኗን አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ ክርስቲያን የለም።

"ጾታቸውን ዋሸሽ" አለች ፈለቀች። "ዕድሜያቸውን ግን መዋሸት አልቻልሽም፤ ማደንዘዣውን የምትለኪው በእሱ ነው። ጥንቃቄሽ ነው ያጋለጠሽ።"

የሲስተሯ ፊት ገረጣ። ቀጥሎ ተቆጣ።

"እኔ ባልሠራቸው በምላጭ ነው የሚሠሯቸው! የትም ጓሮ! ስንቷን እንዳዳንኩ ታውቂያለሽ?"

"ዘጠኝ ሕፃናት ላይ ቆርጠሻል። አንዷ ሆስፒታል ናት።"

"ያቺ..." ሲስተሯ አግዳሚው ጋ ያለችውን ሴት በዓይኗ ሰርቃ አየች። "ያቺ እንኳ እናቷ ናት ያመጣቻት። ለምናኝ፣ እግሬ ላይ ወድቃ።"

ፈለቀች ወደ እንግዳ መቀበያው ወጣች። ወጣቷ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ተነሥታለች። ሁሉንም ሰምታለች።

"ስንት ቀኗ ነው?"

"ሰባ አራት" አለች ሴትየዋ።

"ስምሽንና አድራሻሽን ለሳጅኑ ንገሪው። ከዚያ ልጅሽን ይዘሽ እቤትሽ ግቢ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም አንመጣም ብለሽ ለላኩሽ ሰዎች ንገሪያቸው። ፖሊስ ከልክሎኛል በያቸው።"

ሴትየዋ ከደረጃው ስትወርድ የሚሄድ ሰው አትመስልም ነበር፤ ሩጫ ነበር።

*

ከሰዓት በኋላ ፈለቀች ወይዘሮ አሰጋሽን ይዛ ሆስፒታል ሄደች። ማህሌት አማቷን በፖሊስ ታጅበው ስታይ ከወንበሯ ተነሣች፣ መልሳ ተቀመጠች።

"ረቡዕ ስድስት ሰዓት ገደማ አጥብተሻታል" አለች ፈለቀች፣ አጠገቧ እየተቀመጠች። "ከቱሉ ዲምቱ ስትመለሱ። ከዚያ 'ተከትባለች፣ ታለቅስ ይሆናል' ብለሽ ለእማማ ሰጠሻቸውና ፋብሪካ ተመለስሽ። ሲስተር ፍቅርተማርያም ተይዛለች።"

ማህሌት ወደ መስታወቱ ዞረች። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ወጣ።

"አገር ቤት ሊወስዷት ነበር! በምላጭ ሊያስቆርጧት! እኔ እኮ በምላጭ ነው የተገረዝኩት፣ እህቴም በምላጭ ነው። እህቴ ከዚያ አልተነሣችም። ለየሺዋስ ነገርኩት፣ ይደርሳል አለኝ። ማንን ልንገር? ሲስተርን 'ትንሽ ብቻ ንኪያት፣ የተገረዘች ትምሰል፣ ከዚያ ማንም አይወስድብኝም' አልኳት። ማደንዘዣ አለው፣ አያማትም፣ አትደማም አለችኝ። ከምላጭ ያዳንኳት መሰለኝ። እግዚአብሔርን፣ ያዳንኳት ነው የመሰለኝ።"

ወይዘሮ አሰጋሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

"ዳይፐሯን ስፈታ ፋሻውን አየሁት" አሉ ወደ ፈለቀች። "በምላጭ የሚሠራ ሰው ፋሻ አያስርም። ወዲያው ገባኝ። ጡት ለምትጠባ ልጅ አያት ምን ትሆናታለች? እናቷ ትቅርላት፣ እኔ ልግባ ብዬ ነው። አሁንም እኔን ጻፊ ልጄ። ማንም አያውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ። ያላደረጉትን አልጽፍም።"

"እናቷን ልትወስጂባት?"

 ይህ ጥያቄ ከረቡዕ ጀምሮ ፈለቀችን ሲከተላት ነበር፤ ጠዋት ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ደጃፍ አንድ ሰዓት ያስቆማትም እሱ ነው።

"ትከሰሳለች" አለች። "ሕጉ ያደረገውንም ያስደረገውንም እኩል ይጠይቃል። ዐቃቤ ሕጉ ግን ሕፃኗ ከሆስፒታል እስክትወጣ ማህሌት ከጎኗ በጥበቃ እንድትቆይ ፈቅዷል። ከዚያ በኋላ በዋስ እንድትወጣ እጠይቃለሁ። ፍርድ ቤቱ የሚለውን አላውቅም። ቃል አልገባላችሁም።"

ማህሌት አንገቷን ደፍታ ራሷን ነቀነቀች።

"እኔስ?" አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ።

"እርስዎ ለፖሊስ ዋሽተዋል። ለእሱ ይጠየቁበታል። ከግርዛቱ ግን ነጻ ነዎት።"

"ነጻ?" አሮጊቷ ቃሉን እንደ መራራ ነገር አፋቸው ውስጥ አቆዩት። "በየቀኑ እኮ ነግሬያታለሁ። ሲነጋ፣ ሲመሽ። ያልተገረዘች ሴት ባል አያቆያትም አልኳት። ልጅሽ ቤቴን ታሰድበዋለች አልኳት። አገር ቤት እወስዳታለሁ ብዬ ቀን ቆረጥኩላት። ምላጭ አልያዝኩም እንጂ ልጅቷን ይዛ እንድትሮጥ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ለዚህ የሚሆን አንቀጽ የላችሁም?"

"አለን እማማ።"

"እንግዲያው ያደረግሁትን ጻፊዋ።"

ሙህሲን ፈለቀችን አየ። ፈለቀች ራሷን ነቀነቀች። አዲስ ወረቀት አወጣና ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፤ አሮጊቷ ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ሕፃኗ ከተወለደችበት ሳምንት ጀምረው፣ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ይናገሩ ጀመር። ማህሌት ትሰማለች። አንዳንዱን ረስታው ነበር፤ ሲነገር ትከሻዋ ይሸማቀቃል።

ሦስተኛው መስመር ላይ ሳሉ ከመስታወቱ ወዲያ ሮዳስ ነቃችና አለቀሰች። ከረቡዕ ወዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ አላወጣችም ነበር፤ የተራበ፣ የተቆጣ፣ ጤናማ የሕፃን ጩኸት ነው።

ሁለቱም ሴቶች እኩል ተነሡ። ወይዘሮ አሰጋሽ አንድ እርምጃ ሄዱ፣ እጃቸው ከነነጠላው ተዘረጋ። ከዚያ ምራታቸውን አዩ። መንገዱን ለቀቁላትና ተመልሰው ተቀመጡ።

"የት ደርሰን ነበር?" አሉ ሙህሲንን።

ማህሌት ገባች። በሩ ተዘጋ፣ ጩኸቱም ቆመ።